የፓይተን «ምን አዲስ ነገር አለ» ሰነድ ላይ ስህተት አገኘሁ፤ እኔ ማረም እችላለሁ?

ጣና_ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

የምሠራው ባህር ዳር ነው። ለደንበኞች ደረሰኝ የሚያወጣ አንድ ትንሽ ፕሮግራም አለን። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነው። ባለፈው ወር ሰርቨሩን ከ3.10 ወደ 3.12 አሳደግኩት። ሰው እንዳይጉላላ ብዬ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጀመርኩ። ፕሮግራሙ ገና ከመነሳቱ «ዲስትዩቲልስ የሚባል ሞጁል የለም» ብሎ ቆመ። ፕሮግራም ለማሸግና ለመጫን የሚያገለግል የቆየ ሞጁል ነው። እሱን ለማለፍ ስታገል ደግሞ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ሴትአፕቱልስም የለም። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልተኛሁም።

በማግስቱ የ3.12ን «ዋትስ ኒው»፣ ማለትም «ምን አዲስ ነገር አለ» የሚለውን ሰነድ፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሁሉም እዚያ አለ። ዲስትዩቲልስ መውጣቱ ተጽፏል። ቬንቭ (ለአንድ ፕሮግራም ተለይቶ የሚዘጋጅ የፓይተን ቦታ) ሲፈጠር ሴትአፕቱልስ አብሮ እንደማይመጣ ተጽፏል። ፒፕ በሚባለው መጫኛ መጫን እንደሚቻልም ተጽፏል። ቀድሜ አንብቤው ቢሆን ኖሮ ያ ሌሊት ይተርፈኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማንበቡ ልማድ ሆነልኝ። አሁን የሚቀጥለውን ቨርዥን ረቂቅ እያነበብኩ ነው። ሦስት ነገር አገኘሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ግስ ጎድሎታል። አንድ የፈንክሽን ስም ሊንክ መሆን ሲገባው ተራ ጽሑፍ ሆኖ ቀርቷል። ሦስተኛው ይበልጥ አሳሰበኝ። አንድ ፈንክሽን መውጣቱን ይናገራል፤ በምትኩ ምን መጠቀም እንዳለብኝ ግን አይነግረኝም።

እንደኔ ያለ ሰው ይህን ማረም ይችላል? አንድ ግስ ለመጨመር ፑል ሪኩዌስት (ለውጤን ተቀበሉኝ የሚል ጥያቄ) መላክ ነውር አይሆንም? እንግሊዝኛዬም የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው። ከዚህ በፊት ለየትኛውም ክፍት ፕሮጀክት ምንም ልኬ አላውቅም። የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።


የድሮ_አራሚ፦

እህቴ፣ ትችያለሽ። እንዲያውም ያ ያልተኛሽበት ሌሊት ለዚህ ሥራ በጣም ይጠቅምሻል። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልንገርሽ።

እኔ ፕሮግራም ከመማሬ በፊት ማተሚያ ቤት ነበር የምሠራው። ሰባት ዓመት በአራሚነት። ሥራው በጥንድ ነው። አንዱ የደራሲውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል። ሌላው የታተመውን ናሙና በማስመሪያ መስመር በመስመር ይከተላል። ነጠላ ሰረዝ ሲመጣ «ነጠላ» ይባላል። አራት ነጥብ ሲመጣ «አራት» ይባላል። ጀማሪ ሳለሁ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን ያስፈልጋል እል ነበር። አንድ ቀን የነርሶች ማሠልጠኛ መጽሐፍ ስናርም 3.5 የሚለው ቁጥር 35 ሆኖ አገኘነው። የመድኃኒት መጠን ነበር። ጓደኛዬ ማስመሪያውን አስቀምጦ ዝም አለ። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ «ለምን ያስፈልጋል» አላልኩም።

የአዲስ ቨርዥን ሰነድም እንደዚያ ነው የሚነበበው። የሚያነበው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተረጋግቶ የተቀመጠ አይደለም። አንቺ በዚያች ሌሊት እንደነበርሽው ነው። ስለዚህ አንድ መስመር ሳርም የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን ያነበበ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል ወይ? ሦስተኛው ያገኘሽው ስህተት የዚህ ዓይነት ነው። ከሦስቱ ትልቁ እሱ ነው። ግሱን እግረ መንገድሽን ታርሚዋለሽ።

አሁን ማረም ይፈቀድልኛል ወይ ላልሽው። ይህ ሰነድ የቆየ ወግ አለው። የመጀመሪያው የወጣው በ2000 ከፓይተን 2.0 ጋር ነው። ኤ. ኤም. ኩችሊንግ እና ሞሼ ዛድካ ናቸው የጻፉት። ኩችሊንግ ከዚያ በኋላ እስከ 2.7 ድረስ ሲጽፍ ቆየ። የአንድ ሰው ድምፅ ስለነበረው ሲነበብ እንደ ደብዳቤ ይፈስ ነበር። ዛሬ ብዙ ሰው ነው የሚጽፈው። ኮዱን የለወጠው ሰው ራሱ መስመሩን ይጨምራል። ስለዚህ አንዱ ጥግ ረጅም፣ ሌላው ጥግ አጭር ይሆናል። አንዱ በኃላፊ ጊዜ ይጽፋል፤ ሌላው በትእዛዝ አንቀጽ። አንባቢ በማያየው በፋይሉ አናት ላይ ለጸሐፊዎች የተተወ ማስታወሻ አለ። ማንም መጨመር ይችላል፣ ስለ አጻጻፉ ብዙ አትድከሙ፣ ጽሑፋችሁ በኋላ መስተካከሉ አይቀርም የሚል መንፈስ ያለው ነው። እኔ ያንን ማስታወሻ ሳነብ የተጠራሁ መሰለኝ። ጸሐፊው እንዳይደክም የተባለው አራሚ እንዳለ ታስቦ ነው።

አንድ ነገር ለይተሽ እወቂ። ሁለት ሰነድ አለ። አንዱ ቼንጅሎግ ነው፤ እያንዳንዷ ለውጥ የምትመዘገብበት። ሌላው ዋትስ ኒው ነው፤ ለሰው ተመርጦ የሚጻፍ። ድሮ ቼንጅሎጉ አንድ ትልቅ ፋይል ነበር። ሁሉም እሱኑ ስለሚነካ ለውጦች በየቀኑ ይጋጩ ነበር። አሁን እያንዳንዱ ለውጥ የራሱ ትንሽ ፋይል አለው፤ ብለርብ የሚባል መሣሪያ ደግሞ ቨርዥኑ ሲወጣ ይሰበስባቸዋል። አንቺ የምትገቢው ዋትስ ኒው ላይ ነው። ሁሉንም ነገር እዚያ ለመጨመር አትሞክሪ። ሙሉነት የቼንጅሎጉ ሥራ ነው።

ማረሙን እንዴት እንደምሠራ ልንገርሽ፤ ይህ ነው ዋናው። ሁለት መስኮት እከፍታለሁ። በግራ አሮጌው ፓይተን፣ በቀኝ አዲሱ። ሰነዱን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ የድሮው ልማድ አለቀቀኝም። «ወጥቷል» ካለ፣ በግራ አለ ወይ? በቀኝስ የለም ወይ? «ማስጠንቀቂያ ይሰጣል» ካለ፣ ማስጠንቀቂያው ይወጣል ወይ? ምን ብሎ? ያየሁት ከተጻፈው ጋር ካልገጠመ እዚያ ላይ ነው የምቆመው። በዓይን ብቻ የሚታረም ሰነድ ፊደሉ ይስተካከላል እንጂ እውነቱ አይስተካከልም።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚጎዳው «ሊቀር ነው» እና «ቀርቷል» ሲምታቱ ነው። ዲፕሪኬትድ የተባለ ነገር ዛሬም ይሠራል። የወጣ ነገር አይሠራም። የመጀመሪያው ለማቀድ ጊዜ ይሰጥሻል፤ ሁለተኛው አይሰጥሽም። ደግሞ ቀጠሮው ራሱ ይለወጣል። ከሁሉ ግልጽ ምሳሌ ልስጥሽ። በፓይተን 3.3 ማፒንግን የመሰሉ ክላሶች ኮሌክሽንስ ከሚባለው ሞጁል ኮሌክሽንስ ኤቢሲ ወደሚባለው ተዛወሩ። የድሮው መንገድ ግን መሥራቱን ቀጠለ። የ3.7 ማስጠንቀቂያ «በ3.8 ይቆማል» ይል ነበር። የ3.8ቱ «በ3.9 ይቆማል» አለ። የ3.9ኙ «በ3.10 ይቆማል» አለ። በመጨረሻ የወጣው በ3.10 ነው። ቀጠሮው ሁለት ጊዜ ሲገፋ በሰነዱ ውስጥ ስንት ቦታ ያ ቁጥር እንዳለ አስቢ። አንዱ ከተረሳ አንባቢው የቱን ይመን?

ሌላው በመጨረሻው ሰዓት የሚመጣ ለውጥ ነው። 3.13 በ2024 ኦክቶበር 1 ሊወጣ ነበር። አዲስ ኢንክሪመንታል ጋርቤጅ ኮሌክተር (የማያስፈልግን ሜሞሪ ጥቂት በጥቂት የሚያጸዳ ክፍል) ይዞ ነበር፤ በቤታዎቹ፣ ማለትም ለሙከራ በሚወጡት ቨርዥኖች፣ ውስጥ ሁሉ ነበረ። መጨረሻ ላይ ፍጥነት የሚቀንስባቸው ፕሮግራሞች ተገኙ። ወደ ድሮው ተመለሱ። በዚያ ቀን የወጣው ሦስተኛው የመጨረሻ እጩ ሆነ፤ ዋናው ወደ ኦክቶበር 7 ተገፋ። ኮዱን መመለስ አንድ ነገር ነው። ስለ እሱ የተጻፈውንስ? በማተሚያ ቤት ቋንቋ፣ ምዕራፉ ወጥቶ ማውጫው ላይ ሲቀር ማለት ነው። ለዚህ ነው በመጨረሻው ሳምንት ሰነዱን እንደገና ከላይ እስከ ታች የሚያነብ ሰው የሚያስፈልገው።

ጊዜውም አሁን ነው። ከ3.9 ወዲህ ፔፕ 602 በሚባለው የፓይተን ማሻሻያ ሰነድ መሠረት አዲስ ፓይተን በዓመት አንዴ በኦክቶበር ይወጣል። በኛ አቆጣጠር መስቀል ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ከግንቦት ገደማ ጀምሮ ቤታ ይሆናል፤ አዲስ ነገር መጨመር ይቆማል። ስለዚህ ክረምቱ በሙሉ የአራሚ ጊዜ ነው። እኔ ሐምሌና ነሐሴን ለዚህ ነው የማውላቸው። ዝናቡ ሲዘንብ፣ መብራት ካለ፣ በቀን አንድ ክፍል አነባለሁ። ከዚያ በላይ አላነብም። ዓይን ሲደክም ትክክሉንም ስህተቱንም እኩል ያልፋል።

ጥሩ ሥራ ደግሞ እወቂ፤ አራሚ ስህተት ብቻ ሲያይ ይበላሻል። የ3.12ን የዩኒትቴስት ክፍል ተመልከቺ። ብዙ አሮጌ ስሞች ወጥተዋል። ጸሐፊው ሦስት አንቀጽ አላወራም። ሰንጠረዥ ሠራ። በአንድ በኩል አሮጌው ስም፣ በሌላው አዲሱ። ፌይልአንለስ ባለበት አሰርትትሩ። አሰርትኢኳልስ ባለበት አሰርትኢኳል። ሰው ከዚያ ላይ ገልብጦ ኮዱን ማስተካከል ይችላል። «የአሮጌ ስሞች አያያዝ ተሻሽሏል» ቢል ኖሮ ማን ምን ያደርግበታል? «ተሻሽሏል» የሚል ቃል ሳይ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ምኑ? ለማን? ስንት ጊዜ ፈጠነ?

ስሞችን ተጠንቀቂ። በብዙ መስመሮች መጨረሻ ላይ ሥራውን ያበረከተው ሰው ስም አለ። የ3.8 እና የ3.9 የሪሊዝ ኃላፊ የነበረው ዉካሽ ላንጋ ስሙ የሚጀምረው ጭረት ባለበት የፖላንድ ፊደል ነው። ጭረቷ ከጠፋች ዉካሽ ሉካሽ ይሆናል። እኛ ስማችን በየፎርሙ ላይ ሲበላሽ የኖርን ሰዎች ነን። የሌላውን ስም እንዲህ አድርገን አንለፈው።

እንግሊዝኛሽን በተመለከተ አትፍሪ። ይህን የጥያቄ ጽሑፍሽን ተመልከቺው። ዓረፍተ ነገሮቹ አጭርና ግልጽ ናቸው። በእንግሊዝኛም እንዲሁ ጻፊ። ሰነዱን በዓለም ላይ የሚያነቡት አብዛኞቹ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆነ ነው የሚመስለኝ። አንቺ ሁለት ጊዜ አንብበሽ ያልገባሽ ዓረፍተ ነገር ካለ፣ ችግሩ ያንቺ እንግሊዝኛ ነው ብለሽ አትለፊው። ምልክት አድርጊበት።


ኮድ_ገልባጭ፦

ጋሼ በደንብ አብራርተውታል። እኔ ተግባሩን ልጨምር፤ አንዱን ነገር ደግሞ በመጠኑ ልቃወም።

መጀመሪያ ተቃውሞዬ። ግስ ለመጨመር ብቻ ነጠላ ፑል ሪኩዌስት አትላኪ። ይፈቀዳል፤ ግን ሪቪው የሚያደርገው (የላክሽውን የሚመረምረው) ሰው ጊዜም አለ። በኦክቶበር 2020 የሆነውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ሃክቶበርፌስት በሚባለው የኦክቶበር ዘመቻ ለክፍት ፕሮጀክት ላበረከተ ለሚሰጠው ቲሸርት ሲባል በየፕሮጀክቱ ላይ አንድ ቃል እየጨመሩ የሚልኩ ሰዎች በዙ። ባለቤቶቹ በጣም ተማረሩ። አዘጋጆቹም ፈቃደኛ የሆኑ ፕሮጀክቶች ብቻ እንዲገቡ ደንቡን ቀየሩ። ስለዚህ ሦስቱንም በአንድ ላይ ላኪ። አንድ ፋይል ነው፣ አንድ ሐሳብ ነው። ሰው አንዴ ከፍቶ አንዴ ይጨርሰዋል።

አሁን አካሄዱ። ሰነዱ የተጻፈው በሪስትራክቸርድቴክስት ነው፤ ስፊንክስ ወደ ድረ ገጽ ይቀይረዋል። ማርክዳውን የሚባለውን ሌላ የአጻጻፍ ሥርዓት የለመደ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። እዚያ ኮድ በግራና በቀኝ በአንድ ባክቲክ (`) ነው። እዚህ በሁለት ነው። በአንዱ ካደረግሽው ዝንብል ጽሑፍ ይሆናል እንጂ ኮድ አይሆንም። ሊንክ እንዲሆን ከፈለግሽ ደግሞ ፈንክሽን ወይም ክላስ መሆኑን በፊቱ መንገር አለብሽ። ሁለተኛው ያገኘሽው ስህተት ምናልባት ይሄ ነው። ወደ ውስጥ የሚገባው ክፍተት ሦስት ስፔስ ነው፤ አራት አይደለም።

ለውጡን የምትልኪው ለዋናው ብራንች (የሚቀጥለው ቨርዥን ለሚሠራበት ቅጂ) ነው። ወደ ቀደሙት መመለስ ካስፈለገ ሪቪው ያደረገው ሰው ምልክት ያደርግበታል፤ ሚስ ኢዝሊንግተን የምትባል ቦት (በራሷ የምትሠራ ፕሮግራም) ለውጡን ወደ ቀደመው የሚመልሰውን ፑል ሪኩዌስት ራሷ ትከፍታለች። ይህ ለምን አስፈለገ ብትይ፣ የ3.12 ዋትስ ኒው በ3.13 ሰነድ ውስጥም አለ፣ በ3.14ም አለ። አንዱን አርመሽ ሌላውን ከተውሽው ፍለጋ ላይ የሚወጣው የትኛው እንደሆነ አታውቂም።

ሰነድ ብቻ ስለሆነ ለቼንጅሎጉ ፋይል መጻፍ አያስፈልግም። ለትንሽ እርማት ኢሹ (ችግሩን የሚያስመዘግብ ገጽ) መክፈትም አያስፈልግም። የአበርካች ስምምነቱን ግን አንዴ ትፈርሚያለሽ። ፑል ሪኩዌስቱን ስትከፍቺ የገጹ ቅድመ እይታ ተሠርቶ ሊንኩ ይመጣልሻል። እሱን ሳታይ «ጨርሻለሁ» አትበይ።


የቡታጅራ_ልጅ፦

ይህን ክር ሳነብ የራሴን ነገር ልናገር ወደድኩ። እኔ አራሚ አይደለሁም። ግን አንድ አጭር መስመር ስንት ነገር እንደምትይዝ አይቻለሁ።

በጉራጊኛ የተጻፉ ጽሑፎችን በየቃሉ እየከፈልኩ ቆጠራ እሠራ ነበር። ፓይተን 3.10 ነበረኝ። አንዳንድ ቃል መሃል ላይ ይሰበርብኛል። ሦስት ፊደል፣ ክፍተት፣ ሁለት ፊደል። ኮዴን ደጋግሜ አየሁት። ፎንቱን ቀየርኩ። ምንም የለም። ፊደሉን ነጥዬ ስሙን ብጠይቀው ፓይተን «ስም የለውም» አለኝ። ለኔ የምጽፍበት ፊደል ነው። ለፓይተን ግን ባዶ ቁጥር ነበር።

ነገሩ ኋላ ነው የገባኝ። ለጉራጊኛ የተጨመሩት 28 ፊደሎች ወደ ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች ሁሉ ቁጥር ወደሚሰጠው መዝገብ) የገቡት በ14.0፣ በ2021 ነው። ኢትዮፒክ ኤክስቴንድድ ቢ ይባላል። ፓይተን 3.10 የያዘው ዩኒኮድ 13 ነው። 3.11 ነው 14ን ያመጣው። ወደ 3.11 ሳሳድገው ቃሉ አልተሰበረም። ኮዴ ላይ አንድ ፊደል አልቀየርኩም።

እና የ3.11 ዋትስ ኒው ላይ ይህ የተጻፈው በአንድ መስመር ነው። የዩኒኮድ ዳታቤዝ ወደ 14.0.0 ተሻሽሏል፤ በቃ። እኔ አይቼው አልፌው ነበር። ጋሼ፣ እንዲህ ያለው መስመር ሊሰፋ አይገባም? ለጉራጌ ልጅ ከዚያ ገጽ ሁሉ ትልቁ ዜና እሱ ነበር።


የድሮ_አራሚ፦

ወንድሜ፣ ይህን ስላመጣህልኝ አመሰግናለሁ። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

አልሰፋውም። ምክንያቴን ልንገርህ። ዩኒኮድ በየዓመቱ ገደማ አዲስ ፊደል ያስገባል። የኛ ብቻ አይደለም፤ የብዙ ሕዝብ ነው። ሁሉንም ብንዘረዝር ገጹ የፊደል መዝገብ ይሆናል። የአንዱን ጠርተን የሌላውን ብንተው ደግሞ አያምርም። መስመሩ አጭር መሆኑ አይከፋኝም። የሚከፋኝ መንገድ ካላሳየ ነው። ዩኒኮድ 14 ምን እንዳመጣ ወደሚናገረው ገጽ አንድ ሊንክ ቢኖረው፣ አንተ በአንድ ጠቅታ ፊደልህን ታገኛለህ። አራሚ የሚጨምረው እንደዚያ ያለውን ነው።

የጻፍከውን ግን አትጣለው። የፊደሉን ኮድ፣ በ3.10 ምን እንደሆነ፣ በ3.11 ምን እንደሆነ አድርገህ በአማርኛም በጉራጊኛም ጻፈው። ኪቦርድ ለሚሠሩ ልጆች፣ መዝገበ ቃላት ለሚያዘጋጁ ሰዎች ያስፈልጋል። ዋትስ ኒው ለሁሉም ነው የሚጻፈው። ለኛ የሚሆነውን እኛ እንጻፍ።

ኮድ_ገልባጭ ያለው ትክክል ነው። ሦስቱን በአንድ ላይ። እኔ ስለ ግሱ እግረ መንገድ ያልኩትም ለዚሁ ነው።

ጣና_ዳር፣ ከመላክሽ በፊት የሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር እዚህ አሳይን።


ጣና_ዳር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የማተሚያ ቤቱን ታሪክ ለባልደረቦቼ አነበብኩላቸው።

ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ ጻፍኩት። በአማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦

«ለረጅም ጊዜ ሲያገለግል የቆየው ይህ ፈንክሽን በአሁኑ ቨርዥን ውስጥ እንዲወጣ የተደረገ ሲሆን፣ ተጠቃሚዎች ከእንግዲህ በምትኩ አዲሱን ፈንክሽን መጠቀም ይኖርባቸዋል።»

እንዴት ነው?


የድሮ_አራሚ፦

እውነቱ ልክ ነው። ግን የሌሊቱን ሰው አስቢው። «ለረጅም ጊዜ ሲያገለግል የቆየው» አያስፈልገውም፤ ያውቀዋል፣ ሲጠቀምበት ነበር። «በአሁኑ ቨርዥን ውስጥ» አያስፈልግም፤ ገጹ ሁሉ ስለዚህ ቨርዥን ነው። «እንዲወጣ የተደረገ ሲሆን» «ወጥቷል» ነው። የሚቀረው፦ «ፈንክሽኑ ወጥቷል። በምትኩ አዲሱን ተጠቀሙ።»

አሁን ደግሞ ልጠይቅሽ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስኪደሽ አየሽ? አዲሱ ያንኑ ይመልሳል? ይህን የምጠይቅሽ ያለ ምክንያት አይደለም። በ3.12 ዩቲሲናው የሚባለው፣ የአሁኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር (ዩቲሲ) የሚሰጥ ፈንክሽን፣ ዲፕሪኬትድ ሆነ። በምትኩ የሚመከረው ናው ለሚባለው ፈንክሽን ዩቲሲን መስጠት ነው። ሰው ስሙን ብቻ ቀይሮ ይሄዳል። ግን አሮጌው የሚመልሰው ሰዓት የሰዓት ክልል አልተጻፈበትም። አዲሱ ተጽፎበታል። ዳታቤዝሽ ውስጥ ያለውን የድሮ ሰዓት ከአዲሱ ጋር የቱ ይቀድማል ብለሽ ስታወዳድሪ ፓይተን ስህተት ብሎ ይቆማል። «ይህን በዚያ ተኩ» የሚል መስመር እውነት የሚሆነው ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ነው። እኩል ካልሆኑ ልዩነቱን መናገር አለበት።


ጣና_ዳር፦

አላየሁም ነበር። አሁን አስኬድኳቸው። ባዶ ሲሰጠው አሮጌው ባዶ ይመልሳል። አዲሱ ግን ስህተት ያነሳል።


የድሮ_አራሚ፦

አየሽ። ያቺን ግማሽ ዓረፍተ ነገር ጨምሪያት። «አዲሱ ባዶ ሲሰጠው ስህተት እንደሚያነሳ ልብ በሉ።» ከዚያ ላኪው።


ጣና_ዳር፦

ላክሁት። ስምምነቱንም ፈረምኩ። ፍተሻው እየሄደ መሆኑን የሚያሳየው ቢጫ ነጥብ እየዞረ ነበር፤ አሁን አረንጓዴ ሆነ። የቅድመ እይታው ሊንክ መጣ። ከፈትኩት። የፈንክሽኑ ስም ሰማያዊ ሆኗል፤ ሲጫኑት ወደ ቦታው ይወስዳል። ግሱም ቦታው ላይ ነው።